ሪፖርቱ ስንጥቅ አሳየ፤ ከዋጋው ስንት እናስቀንስ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦

“ሰሚት አካባቢ 175 ካሬ ላይ ያረፈ፣ 12 ዓመት የሆነው ጂ ፕላስ ዋን ቤት ከ22 ሚሊዮን ወርደውልን በ21 ሚሊዮን ብር ተስማማን። 500 ሺህ ብር ቀብድ ከፈልን። ከዚያ በኋላ፣ በመስከረም፣ መሐንዲስ ወስደን አሳየን። 14 ነጥብ ጻፈ። ዋና ዋናዎቹ፦ በጀርባ በኩል ከመስኮቱ ጥግ ወደ መሬት የሚወርድ 6 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ስንጥቅ፣ በረንዳው ላይ ፌሮው (ውስጡ ያለው ብረት) የዛገ አንድ ኮለን (ምሰሶ)፣ ከላይኛው መታጠቢያ ቤት ስር የረጠበ ሶሌታ (የፎቁ ኮንክሪት ወለል)። ማሳደሻው ከ1.4 እስከ 2.1 ሚሊዮን ብር ይፈጃል አለን። ሻጩ ትልቅ ሰው ናቸው። ‘አዲስ ቤት አልሸጥኩላችሁም፤ ካላችሁ እኔው አሳድሼ አስረክባለሁ’ አሉ። ደላላው ‘ልስኑ ነው የተሰነጠቀው’ ይላል። የባንኩ ገማች አይቶት ምንም አላለም። ስንት እናስቀንስ? ወይስ ቀብዱን ትተን እንውጣ?”

ቁጥሩን ካልነገርኩዎት ሌላውን እንደማያነቡልኝ ስለማውቅ ከእሱ ልጀምር። ሁለት ቁጥር አለኝ። የመሠረቱ ነገር መጥፎ ሆኖ ከተገኘ 2.6 ሚሊዮን ይቀነስልን ብለው ይጀምሩ፤ ከ2 ሚሊዮን በታች አይስማሙ። ደህና ሆኖ ከተገኘ ከ1.8 ጀምረው 1.4 ላይ ይጨርሱ። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው አንድ ጉድጓድ ሲቆፈር ነው። እመጣበታለሁ።

የባንኩን ገማች ግን ከወዲሁ ይርሱት። እሱ የተላከው ብድሩ ባይመለስ ቤቱ በስንት ይሸጣል የሚለውን ለማወቅ ነው። ካሬውን ይለካል፣ አካባቢውን ያያል፣ ይሄዳል። ዝም ማለቱ ቤቱ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም።

አሁን ወደ 14ቱ ነጥቦች። ለድርድር የሚሆኑት ሦስቱ ብቻ ናቸው። ብሎኬትና ኮለን በሚገናኙበት መስመር ቀጥ ብሎ የሚወርድ ቀጭን ስንጥቅ የሌለበት ቤት አዲስ አበባ ውስጥ ስፈልግ ኖሬ አላገኘሁም። ብሎኬትና ኮንክሪት እኩል አይሰበሰቡም። በመገጣጠሚያው ላይ ሽቦ ሳይደረግ ሲለሰን ልስኑ ይከፈታል። አያስፈራም። ይህንን፣ የተላጠውን ቀለምና የተነቀነቀውን ሴራሚክ ከዝርዝሩ ያውጡ። እነዚህን በዓይናችሁ አይታችሁ ነው ከ22 ወደ 21 ያስወረዳችሁት። ሁለተኛ ሊያስከፍሉባቸው ከሞከሩ ሻጩ ቅር ይላቸዋል፤ ልክም ናቸው። ሦስቱን ከባድ ነጥቦች ብቻ ይዞ የሚመጣ ገዢ ነው የሚደመጠው።

ስንጥቁን እንየው። ከመስኮት ጥግ በሰያፍ የሚወርድ፣ ከላይ ሰፍቶ ከታች የሚጠብ ከሆነ ብዙ ጊዜ የቤቱ ጥግ ከሌላው አካል ተለይቶ እየወረደ ነው ማለት ነው። የእንግሊዝ አገር የሕንፃ ምርምር ተቋም ያወጣው፣ ብዙ መሐንዲስ የሚጠቀምበት የስንጥቅ ደረጃ ከ0 እስከ 5 ይሄዳል። ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር የሆነው 3ኛ ደረጃ ነው። በር የሚነክስበት፣ ቧንቧም ሊሰበር የሚችልበት ደረጃ። ቤቱን አያፈርሰውም፤ ግን በስቱኮ ተሞልቶ፣ ቀለም ተቀብቶ የሚያልቅ ነገርም አይደለም።

አካባቢውም አለ። ከቦሌ ወደ ሲኤምሲና ሰሚት ያለው መሬት በብዛት ጥቁር አፈር፣ ዋልካ ነው። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። በክረምት መሠረቱን ወደ ላይ ይገፋል፣ በበጋ ይለቀዋል። በየዓመቱ እንደዚያ ነው። ስለዚህ ጥንቁቅ ግንበኛ ዋልካውን ጠርጎ አውጥቶ በገረጋንቲ፣ ማለትም በማያብጥ ጠጠራማ አፈር፣ ይሞላል፤ ወይም ከስሩ እስካለው ጠንካራ መሬት ድረስ ይወርዳል። ጥንቁቅ ያልሆነው ደግሞ ሃምሳ ሳንቲ ሜትር ቆፍሮ ድንጋይ ይደረድራል። ላዩ ሲለሰን ሁለቱ ቤቶች አንድ ይመስላሉ።

የእርስዎ ሪፖርት የተሠራው በመስከረም ነው። አፈሩ የክረምቱን ውሃ ጠጥቶ ገና አልደረቀም። ዛሬ 6 የሆነው በጥርና በየካቲት ሊሰፋ ይችላል። ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። የመሐንዲስነት ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ለአንድ ወዳጄ ለቡ አካባቢ ቤት አይቼ “ግዛው” አልኩት። ወሩ ነሐሴ ነበር። ቀለሙ አዲስ ነበር፤ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። በየካቲት ደወለልኝ። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ተከፍቷል። አልተቆጣኝም። እስከ ዛሬ ግን ሻይ ሲጋብዘኝ ሂሳቡን የምከፍለው እኔ ነኝ።

ዋናው ጥያቄ ታዲያ ጥጉ ለምን ይወርዳል የሚለው ነው። መንስኤው ውሃ ወይም ሌላ ከውጭ የመጣ ነገር ከሆነ እሰየው። ወደ ቤቱ ጀርባ ይዙሩ። አሸንዳው ተሰብሮ የጣሪያው ውሃ በሙሉ እዚያ ጥግ ላይ ይፈሳል? የፍሳሽ ጉድጓዱ ከግድግዳው ስንት ሜትር ይርቃል? የሮቶው ቱቦ ያፈሳል? አጠገቡ ባሕር ዛፍ አለ? ጎረቤት ፎቅ ሊሠራ ብሎ አጥሩ ስር ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሯል? ከእነዚህ አንዱ ከተገኘ መንስኤውን ማስወገድ ብዙ ጊዜ ከጥገናው ይረክሳል። ስንጥቁንም ጠጋ ብለው ይዩት። ውስጡ አሮጌ ስቱኮ ካለና እሱም ራሱ ከተሰነጠቀ፣ ከዚህ በፊት ተደፍኖ እንደገና ተከፍቷል ማለት ነው። ይህ ከማንኛውም መሣሪያ የበለጠ ይናገራል።

አሁን ጉድጓዱ። ከስንጥቁ ግርጌ፣ ከውጭ በኩል፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር፣ የመሠረቱ ግርጌ እስኪታይ ድረስ ይቆፈር። በእጅ ይሁን። ሁለት የቀን ሠራተኞች በአንድ ቀን ይጨርሱታል። ከመሠረቱ ግርጌ በታች እንዳይወርዱ፣ ጉድጓዱም ታይቶ፣ ፎቶ ተነስቶ በዚያው ቀን ይዘጋ። መሐንዲሱ እዚያው መገኘት አለበት፤ በፎቶ ብቻ አይሆንም። መሠረቱ በገረጋንቲ ወይም በጠንካራ መሬት ላይ ተቀምጦ አፈሩ ከውጭ በገባ ውሃ ከረሰረሰ፣ ደህናው ዜና ይህ ነው፤ 1.4 ሚሊዮኑ ይበቃል። ዋልካ ላይ ከተቀመጠ መሠረቱ ስር በየተራ እየተቆፈረ ኮንክሪት መሙላት ይመጣል። ያ ሥራ ቀርፋፋና ውድ ነው። የ2.1 ሚሊዮኑ ሂሳብ ያኔ ነው የሚሠራው።

ለመቆፈር የሻጩ ፈቃድ ያስፈልጋል። “የሠራተኛውንም የመልሶ መሙላቱንም ወጪ እኛ እንከፍላለን” ይበሏቸው። እሺ ካሉ ጥሩ። እንቢ ካሉ፣ ለምን እንቢ እንዳሉ ቁጭ ብለው ያስቡበት።

ኮለኑ ከስንጥቁ ይልቅ ያስፈራል፤ መፍትሔው ግን የታወቀ ነው። በረንዳ ላይ ዝናብ ይመታዋል፣ ፌሮውን የሚሸፍነው ኮንክሪት ስስ ከሆነ እርጥበት ይገባል፣ የዛገ ብረት ያብጥና ኮንክሪቱን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ሶሌታውን በብረት ቋሚ ደግፎ፣ የላላውን አራግፎ፣ ብረቱን አጽድቶ፣ አዲስ ፌሮና ኮንክሪት ማልበስ ነው። የሚያሳስበኝ ሌሎቹ ኮለኖች ናቸው። መሐንዲሱ ሁሉንም በመዶሻ ቀስ እያለ መታ መታ ያድርጋቸው፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ካለ እሱም ታሟል። በ2017 የፈንታሌው መንቀጥቀጥ እዚህ ድረስ አምፖል ካወዛወዘ ወዲህ ገዢ ሁሉ ኮለን ማየት ጀምሯል። ሻጩ ለሌላ ሰው ቢሸጡም ይኸው ኮለን ይጠብቃቸዋል።

የመታጠቢያ ቤቱ ሶሌታ የቧንቧና የውሃ መከላከያ ሥራ ነው። ፌሮው ካልዛገ እዚያው ላይ ያበቃል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ለክፉው ሁኔታ 2.6 ያልኩት ከየት መጣ? የግምቱን የላይኛውን ጫፍ ነው የምይዘው፤ መሬት ከተከፈተ በኋላ ዋጋ ሲወርድ አይቼ አላውቅም። 2.1 ሚሊዮን። ሥራው ሦስት ወር ቢፈጅና አሁን ባሉበት ቤት በወር 40 ሺህ ቢከፍሉ 120 ሺህ። የሚቆጣጠርልዎ መሐንዲስ 100 ሺህ እንበል። 2.32 ሚሊዮን ሆነ። የቀረው ለድርድሩ መተንፈሻ ነው። ኪራይዎና የመሐንዲሱ ክፍያ ሌላ ከሆነ የራስዎን ቁጥር ይተኩበት። 2 ሚሊዮን ላይ መስማማት የሚቻለው ደግሞ ከጥገናው የተወሰነው የእርስዎ ጥቅም ስለሆነ ነው፤ መታጠቢያ ቤቱ እኮ አዲስ ሆኖ ይወጣልዎታል። 300 ሺውን ቢሸከሙ አግባብ ነው።

ብድር ላይ ስለሆኑ አንድ ወጥመድ አለ። ባንኩ የሚያበድረው ለግዢ ነው፣ ለጥገና አይደለም። ዋጋው ሲቀንስ የብድሩ መጠንም አብሮ ከቀነሰ ግንበኛውን በምን ይከፍላሉ? ሻጩ ጋር ከመሄድዎ በፊት የብድር ክፍሉን ይጠይቁ። በወረቀት ላይ 2 ሚሊዮን አሸንፈው ግንበኛ መቅጠር ያቃተው ሰው አውቃለሁ።

ንግግሩን ከደላላው ይጀምሩ እላለሁ። ብዙ ሰው ደላላን እንደ ጠላት ያያል። ኮሚሽኑ ከዋጋው ላይ ስለሚሰላ 2 ሚሊዮን ቢቀንስ የሚያጣው ትንሽ ነው፤ ሽያጩ ከቀረ ግን ሁሉንም ያጣል። ለብቻው ሻይ ጋብዘው “ይህ ካልተስተካከለ እንወጣለን” ይበሉት። “ልስን ነው” ማለቱን በማግስቱ ያቆማል።

ሻጩ ጋር ባለቤትዎና እርስዎ ሁለታችሁም ሂዱ። ቤታቸው ሂዱ፣ ቡናቸውን ጠጡ። ሪፖርቱን እንደ ክስ አይዘርጉት። “ቤቱ ሊፈርስ ነው” የሚለው ቃል ከአፍዎ አይውጣ። ቤቱን ያሠሩት እሳቸው ናቸው፣ ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ነው። እንደዚህ ቢሉ ይሻላል፦ “ጋሼ፣ ቤቱን ወደነዋል፤ ልንገዛው ነው የመጣነው። ባየነው ነገር ላይ ቃላችንን አናጥፍም። ይቺ ግን ስንስማማ እርስዎም እኛም ያላየናት ናት። አብረን እንያት።” ከዚያ የሦስቱን ነጥብ ዋጋ የያዘ አንድ ገጽ ይስጧቸው፤ መሐንዲሱ የፈረመበት፣ አንድ ሥራ ተቋራጭ በጽሑፍ የሰጠው ዋጋ የተያያዘበት። ቁጥሩን ይናገሩና ዝም ይበሉ። ዝምታው ይከብዳል፤ ሲጨንቅዎት ራስዎ ቁጥሩን እንዳያወርዱት።

“12 ዓመት ቆሟል፣ ምን ሆነ?” ይሏችኋል። “እኛም ሌላ 30 ዓመት እንዲቆም ነው የምንፈልገው ጋሼ” ማለት በቂ ነው። “ሌላ ገዢ አለኝ” ይሉ ይሆናል። ይኖራቸውም ይሆናል። ያም ሰው መሐንዲስ ይዞ ይመጣል። “መሐንዲሳችሁ አጋኗል” ካሉ ደስ ይበላችሁ፤ “የእርስዎን መሐንዲስ ያምጡ፣ ሁለቱ ጉድጓዱ ዳር ቆመው ይነጋገሩ” ይበሏቸው። ነገሩ ሽማግሌ ጋር ከደረሰ ደግሞ መጨረሻው “በሉ እንግዲህ መሐል ላይ ተገናኙ” ነው። ለዚህ ነው የመነሻ ቁጥሩ ቦታ የሚያስፈልገው። 5 ሚሊዮን ብለው ከጀመሩ ግን ሽማግሌው ራሱ ይታዘብዎታል።

“እኔው አሳድሼ አስረክባለሁ” ያሉት በክፋት አይመስለኝም። ቢሆንም አይቀበሉ። የሚሸጥ ሰው ሥራው ቶሎና በርካሽ እንዲያልቅለት ይፈልጋል። ይህ ተፈጥሮ ነው። መሠረት ከተዘጋ፣ ኮለን ከተለሰነ በኋላ ውስጡ ምን እንደተሠራ የሚያውቅ የለም። ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ ከትልቅ ሰው ጋር ስለ ሲሚንቶ መጨቃጨቅም አለ። ገንዘቡን ከዋጋው ቀንሰው ሥራውን ራስዎ ያሠሩ።

ሻጩ “2 ሚሊዮን አይፈጅም” ብለው ከጸኑ ግን እኔ የምወደው መንገድ አለ። ገንዘቡ በሁለታችሁ ፊርማ ብቻ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሂሳብ ይቀመጥ። ስሙ ከዞረ በኋላ ጥገናው ይሠራ፣ በደረሰኝ ይከፈል፣ የተረፈው ለእሳቸው ይመለስ። የትኛው ሥራ እንደሚካተትና ቀነ ገደቡ በውሉ ላይ ይጻፍ። እውነት ከመሰላቸው ይስማማሉ።

ውሉ ላይ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ውልና ማስረጃ ስትሄዱ የቴምብር ቀረጥና ግብር ለመቀነስ ዋጋውን አሳንሰን እንጻፍ የሚል ሰው አይጠፋም። ሽያጩ አንድ ቀን ቢፈርስ ሊያስመልሱ የሚችሉት የተጻፈውን ነው። ሁለተኛ፣ “ገዢ የቤቱን ጉድለት ሁሉ አይቶ ተቀብሏል” የሚል ዓረፍተ ነገር ሊገባ ይችላል። “ሁሉ” የሚለው ቃል ይውጣ። የታወቁት ሦስቱ ጉድለቶች በስማቸው ይዘርዘሩ። አውቀው በገዙት ጉድለት በኋላ መክሰስ አይችሉም፤ ባላወቁት ግን በሩ ክፍት ይሁን።

ቀብዱን በተመለከተ፣ እኔ መሐንዲስ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ በውሉ ሌላ ካልተባለ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ከወጣ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። አንቀጽ 1723 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ዘንድ እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ደላላው ቢሮ የተፈረመችው ወረቀት በዚህ መካከል ምን ክብደት እንዳላት ለጠበቃ አሳይተው ይወቁ፤ ሻጩን “ቀብዳችንን መልሱ” ከማለትዎ በፊት ይሁን። ለሌሎች አንባቢዎች ደግሞ በቅንፍ ልበል፤ አንቀጽ 3039 ሥራ ተቋራጩ ለሥራው ጥንካሬ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያደርጋል። ከ10 ዓመት በታች የሆነ ቤት የምትገዙ ሰዎች ሻጩን ከተቋራጩ ጋር የተዋዋሉበትን ወረቀት ጠይቁ። የእርስዎ 12 ሆኗል፣ አልፎበታል።

መቼ ይውጡ? ጉድጓዱ ከተከለከለ፣ ወይም ከአንድ በላይ ኮለን ባዶ ድምፅ ከሰጠ እኔ ብሆን እወጣለሁ። ሌላ አንድ ነገር ደግሞ ሪፖርቱ ውስጥ የለም፣ ነገ ጠዋት ይጠይቁ። የግንባታ ፈቃዱንና የጸደቀውን ፕላን ያምጡልን ይበሉ። ፕላኑ ጂ ፕላስ ዋን ነው የሚለው፣ ወይስ ቪላ? ለቪላ በተጣለ መሠረት ላይ በኋላ ፎቅ የተጨመረባቸው ቤቶች አሉ። እዚያ ጥግ ላይ ያለው ስንጥቅ ያ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ በ2 ሚሊዮንም በ4 ሚሊዮንም ቅናሽ አይግዙት። 500 ሺውን የሚያስመልሱበትን መንገድ ከጠበቃ ጋር ይዩ፤ ካልተመለሰም ትተውት ይውጡ።